ስምንት ዓመት አጉድዬ ናይሮቢ ገባሁ

ከናይሮቢ ከተመለስኩ ወዲህ የጤና ጣቢያችን ሰዎች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንበሳ አየህ ወይ?» አላየሁም። ስድስት ቀን ሙሉ ያየሁት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር መስኮት፣ ዝናብና የመኪና ጭራ ነው። ሁሉንም ደግሜ ደጋግሜ ከማወራ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

የሄድኩበት ጉዳይ ይኸው ነው። በሰሜን ሸዋ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጤና መኮንን ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ኮምፒውተር በእርዳታ መጣልን፤ ሌሎቹ ካርታ ሲጫወቱበት እኔ እየታገልኩ የታካሚዎች መከታተያ ፕሮግራም ሠራሁበት። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የቀጠሮ ቀን ይገባበታል፤ ቀጠሮው ያለፈበትን ሰው ፕሮግራሙ ራሱ «ጠፍቷል» ብሎ ስሙን ያወጣል፤ ከዚያ ቤቱ ድረስ ሰው ልከን እናስፈልገዋለን። በዚህ ሥራዬ ስሜ ወጣ። የታካሚ መረጃን በኮምፒውተር ስለመያዝ በማስተርስ ደረጃ የሚያስተምር ናይሮቢ ያለ ዩኒቨርሲቲም ማመልከቻዬን አይቶ «እስከ ዓርብ ዋናውን ማስረጃህን ይዘህ ቅረብ፣ ቃለ መጠይቅም አለብህ» ብሎ ጻፈልኝ። ካልቀረብኩ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ወጪዬን የሚሸፍነው ድርጅት ደግሞ የሚሸፍነው ለዚህ ዓመት ብቻ ነው። ዓርብ ካመለጠኝ ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

ከመሄዴ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የሆነ አንድ ነገር አለ። ወይዘሮ ሙሉነሽ የሚባሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ ታካሚ መስኮቴ ላይ መጥተው ጮኹብኝ። ፕሮግራሙ ስማቸውን ከጠፉት ጋር አውጥቶት ኖሮ የላክነው ሰው ሰፈራቸው ሄዶ በር ለበር ጠይቋል። «እኔ መቼ ጠፋሁ? አንድም ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም! በጎረቤት ፊት ምን አድርጌህ ነው?» አሉኝ። እኔም ከወረቀቴ ቀና ሳልል «እኔ አይደለሁም እማማ፣ ኮምፒውተሩ ነው» አልኳቸው። መድኃኒታቸውን ተቀብለው ሄዱ። እኔም ረሳኋቸው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 29

አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው። አስተናጋጇ ከቀበቶው ጋር ስታገል አይታ ይህን እስክታውቅ ድረስ ብቻ ነው የተከበርኩት። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ የሚበልጥ በርበሬ አለ። የማርፍባቸው እትዬ ጥሩወርቅ ናይሮቢ ምግብ ቤት ያላቸው የአገሬ ልጅ ናቸው፤ እህታቸው «ይህችን ብቻ» ብለው ያሸከሙኝ ነው።

ኢምባካሲ አውሮፕላን ጣቢያ እንደወረድኩ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ የበርበሬውን ፌስታል አነሳ፤ ምን እንደሆነ ሳልነግረው አፍንጫውን አስገባ። ከዚያ በኋላ ማስነጠስ ያዘው። ባልደረባው ሊረዳው መጥቶ እርሱንም ያዘው። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ እኔን ያየኝ ጀመር። በመጨረሻ ፈታሹ እንባውን እየጠረገ በእጁ «ሂድ! ሂድ!» አለኝ። ወደዚያች ከተማ ስገባ ያለ ችግር ያለፍኩበት በር ይህ ብቻ ነበር።

ውጭ የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ ሜሮን ጠበቀችኝ። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። «ካሪቡ ጋሼ! ዝናቡ ሶሪ፤ ጃም ስላለ ትንሽ እንቆያለን» አለችኝ። ጃም የምትለው የመኪና መጨናነቅ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ ሞምባሳ መንገድ ላይ አንድ ቦታ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመናል። በአገራችን ግንቦት ሲቃረብ ሰማዩ የጋለ ምጣድ ነው፤ እዚያ ግን ክረምቱ ነው። እኔ ደግሞ ሹራብ ትቼ በርበሬ ይዣለሁ።

ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈራቸው ስንደርስ እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ሆነው ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ፤ ቀጥሎ «በርበሬው ደህና ነው?» አሉ። እንጀራው ጤፍና ሌላ ዱቄት ተቀላቅሎበት ወፈር ብሏል፣ ወጡ ግን የቤታችን ነው። በላሁ፣ ጠገብኩ፣ «አይበቃም» ተባልኩ፣ ደግሜ በላሁ።

ማክሰኞ

ማታቱ የሚሉት ታክሲ ከእኛው ሚኒባስ ጋር የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ ልዩነቱ ሁሉም ሰው ቀበቶ ማሰሩ ነው። ቀበቶውን ያሰረልኝ ረዳቱ ነው። ሙዚቃው ደረቴ ውስጥ እየመታ፣ ሸሚዜ ላይ የቀበቶው ጥቁር መስመር ታትሞ ዩኒቨርሲቲው ደረስኩ። ለመልካም ገጽታ የለበስኩት ነጭ ሸሚዝ ነበር።

የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ወይዘሮ ዋንጂሩ ትባላለች። ሰፋ ያለች፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ወረቀቶቼን አገላበጠች፣ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች፣ ቆመች፣ እንደገና ጻፈች።

«ፓስፖርትህ በ1977 ተወለደ ይላል።»

«አዎ።»

«ዲግሪህ ደግሞ በ1993 ተመረቀ ይላል።»

«አዎ።»

«በአስራ ስድስት ዓመትህ ዲግሪ ያዝክ?»

እንግሊዝኛ አንተና አንቱን አይለይም፤ እኔ ግን በአስተያየቷ ልክ «አንተ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ሳቅሁ። ባልስቅ ይሻለኝ ነበር። የፓስፖርቱ ዘመን በፈረንጅ፣ የዲግሪው በእኛ መሆኑን፣ እኛ ከእነርሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ እንደምንቆጥር አስረዳኋት። በትዕግስት ሰማችኝና «ታዲያ ዲግሪው ላይ ይህ የት ተጽፏል?» አለች። አልተጻፈም። ኮሌጃችን ዘመኑን ሲጽፍ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የምትለዋን ቃል ትቷታል፤ ለማን ብሎ ይጽፋት?

«ፋይልህ ታግዷል» አለች። «ማስረጃው ትክክል ላይሆን ይችላል ይላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ኮምፒውተሩ።»

ሰው ሆና ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ፂሜን እያየች፣ «ኮምፒውተሩ» ትለኛለች! ቆይ፣ አንቺ ዓይን የለሽም? አላልኳትም እንጂ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ከኮሌጅህ ደብዳቤ አምጣ» አለችና ቀጣዩን ጠራች።

ግቢው ውስጥ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። ሳልጠይቅ በወተት ፈልቶ መጣ። በዚያ ቀን በወተቱም ተናደድኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 1

በጠዋት ለኮሌጄ ደወልኩ። ስልክ ያነሱት ሰውዬ ጉዳዬን እስከ መጨረሻው አስወርተውኝ «ይኼማ የሬጅስትራር ጉዳይ ነው» አሉኝ። ሬጅስትራሩን ሳገኝ ካርዴ አለቀ። ሌላ ካርድ ገዝቼ ስደውል ደብዳቤውን ለመጻፍ ችግር እንደሌለ፣ ማህተሙ ያለበትን መሳቢያ ቁልፍ የያዘው ሰው ግን ልቅሶ ሄዶ ሰኞ እንደሚመለስ ነገሩኝ። ሰኞ! እኔ ዓርብ ስሞት እነርሱ ሰኞ ሊመጡ።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን ያን ቀን ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። ልደታ ነው። ስንዴና ባቄላ ቀቅለው፣ ዝናቡ ጋብ ሲል በግቢው ሣር ላይ ምንጣፍ አነጠፉ፤ የሰፈሩን ኢትዮጵያውያን ሴቶች ጠሩ። የግቢው ዘበኛ እንኳ መዳፍ ሙሉ ንፍሮ ተሰጥቶት፣ ይህን ሁሉ ሴት ሜዳ ላይ ያስቀመጠው ምን እንደሆነ ሳይገባው ይበላል። እኔ ጥጉ ላይ ፊቴን አጥቁሬ ተቀምጫለሁ።

«ደረጀ፣ ንፍሮ ላይ አይኮረፍም» አሉኝ እትዬ።

ነገርኳቸው። አስራ ስድስት ዓመት የሚለው ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። እትዬ ጥሩወርቅ ግን አልሳቁም። ብድግ ብለው ቤት ገቡና ሳሎን ተሰቅሎ የነበረውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይዘው ወጡ፤ በትልቁ የእኛ ቀን፣ ከሥሩ በትንሹ የፈረንጁ የተጻፈበት፣ በዓላቱ በቀይ የተከበቡበት ነው።

«ይኸው! ዛሬ ግንቦት አንድ፣ ከሥሩ ሜይ ዘጠኝ። እዚህ ላይ 1999፣ እዚህ ላይ 2007። ምን ይሻላታል ሴትዮዋ?»

«እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው። የግድግዳ ወረቀት ይዤ…»

«አንተ አትይዝም። እኔ ነኝ የምይዘው» አሉ።

ሐሙስ

ወይዘሮ ዋንጂሩ መስኮቷን ስትከፍት እኛ ቆመናል፤ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀን መቁጠሪያውን እንደ ጋሻ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ሜሮን ትምህርቷን ትታ፣ እኔ ከሁለቱ ኋላ አንገቴን ደፍቼ። እፍረቴን መደበቅ አልችልም፤ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያልፍ ፈራሁ፣ በዚያ ከተማ የሚያውቀኝ ሰው እንደሌለ እያወቅሁ።

እትዬ በስዋሂሊ ጀመሩ። ቃሉ ባይገባኝም ዜማውን አውቀዋለሁ፤ መርካቶ ውስጥ ዋጋ ሲከራከሩ የሚሰማው ያው ዜማ ነው። ሜሮን ጆሮዬ ላይ ትተረጉማለች።

«ማሚ ሰዓት ስንት ነው እያለቻት ነው። ጀስት ዌይት።»

ወይዘሮ ዋንጂሩ ግራ ገብቷት የእጇን ሰዓት አየችና «ሳ ታቱ» አለች። ሦስት ሰዓት ማለት ነው። እነርሱም በስዋሂሊ ሲናገሩ እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ ይህን እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር።

እትዬ በጣታቸው ከሴትዮዋ ራስ በላይ ያለውን የግድግዳ ሰዓት አሳዩ። ዘጠኝ ላይ ነው።

«ግድግዳሽ ዘጠኝ ይላል፣ አንቺ ሦስት ትያለሽ። ስድስቱን ሰዓት የት ወሰድሽው? ሌባ ነሽ?» ሜሮን ይህንን ስትተረጉምልኝ ወሬው ሁሉ በዚያው ሊበላሽ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እትዬ ግን ቀጠሉ፤ «አይደለሽም። የእናትሽ ቆጠራ ነው። የእኛም የእናታችን ቆጠራ ነው። አንቺ ስድስት ሰዓት፣ እኛ ስምንት ዓመት። ገና ሁለት ሺህ እንኳ አልገባንም፤ መስከረም ላይ ነው፣ ነይ አብረን እናክብር!»

ወይዘሮ ዋንጂሩ ቀን መቁጠሪያውን ተቀበለች። መነጽሯን አደረገች። ግንቦትን አየች፣ ሚያዝያን ገለጠች፣ ጳጉሜን ስትደርስ «ይህ ወር ስድስት ቀን ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ሳቀች፤ ሆዷ እስኪንቀጠቀጥ። ከጎኗ ያሉትን ሠራተኞች ጠራች። መስኮቱ ገበያ ሆነ።

ግን ሳቅ ፋይል አይከፍትም። «በሕግ ፊት የተማለ ወረቀት ያስፈልገኛል» አለች። ከአንድ ጫማ መሸጫ ፎቅ ላይ ወዳለ ጠበቃ ሄድን። እዚያም በ1977 የተወለድኩትና በ1993 የተመረቅኩት አንድ ሰው መሆኔን፣ ስሌቱን አስፍሬ፣ እጄን አንስቼ ማልኩ። ጠበቃው በቀይ ማህተም መታው። በዚህ ዓለም ሀበሻና ኬንያዊን የሚያስማማ አንድ ነገር ቢኖር ማህተም ነው። ከሰዓት በኋላ ፋይሌ ተከፈተ። ምሳ እኔ ልጋብዝ ብል እትዬ ተቆጡኝ፤ እኔው ተጋበዝኩ። ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ መጣ፤ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው። የዚያን ቀን ግን ጥሩ ገንፎ ነው ብዬ ጨረስኩት።

ዓርብ

ቃለ መጠይቁን የሚያደርጉልኝ ዶክተር ኦቲዬኖ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ የለበሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ፍላሽ ዲስኬን አውጥቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩላቸው፤ በደንብ አድርጌ ጎረርኩ። የሰዎቹን ስም አጥፍቼ ነው ያመጣሁት፣ የካርድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ሰንጠረዡን ወደ ታች እያወረዱ አዩትና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«አብዛኛው ዓመት ዜሮ ሰባት ይላል። እነዚህ ግን ዘጠና ዘጠኝ። ይህ ምንድን ነው?»

ደስ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ የተለማመድኩት ጥያቄ ነው! ስለ አቆጣጠራችን፣ ስለ ጳጉሜን፣ ስለ መስከረም አወራሁላቸው። አብዛኞቹ ነርሶች የእርዳታ ድርጅቱን ቅጽ ስለሚሞሉ በፈረንጅ ይጽፋሉ፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ የቅዳሜ ተረኛ የሆነችው ሲስተር በላይነሽ ግን የምትጽፈው በእኛው ነው፤ እኔም መዝገቡ ላይ ያለውን እንዳለ አስገብቼዋለሁ። «ስምንት ዓመት መጨመር ነው፣ ቀላል ነው» ብዬ ሳቅሁ።

ዶክተሩ አልሳቁም። «ኮምፒውተሩ ይህን ያውቃል?» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ አያውቅም። ዘጠና ዘጠኝን ከስምንት ዓመት በፊት ያለፈ ቀጠሮ አድርጎ ነው የሚወስደው። ዶክተሩ አንድ ቁልፍ ነኩና የጠፉትን ዝርዝር አወጡ። የቅዳሜ ታካሚዎች አንድ ሳይቀሩ እዚያ ተደርድረዋል።

«እነዚህን ሰዎች ጠፍተዋል ያለ ማን ነው?»

ኮምፒውተሩ ልል ነበር። የወይዘሮ ዋንጂሩ መነጽር ትዝ አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ዶክተሩ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፣ ፈረሙ። «ይህንን ለሬጅስትራር ስጥ። ከዚያ በፊት ግን ሂድና ደውል» አሉኝ።

መንገድ ዳር ካለ የሕዝብ ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሲስተር በላይነሽ ናት። የጠፉትን ዝርዝር ከቢሮው ግድግዳ እንድታወርድ፣ ከእንግዲህ ማንም ሰው ቤት እንዳይላክ ነገርኳትና ስለ ወይዘሮ ሙሉነሽ ጠየቅኋት።

«ያለፈው ቅዳሜ ቀጠሯቸው ነበር። አልመጡም» አለች። «አከራያቸው ወሬውን ሰምቶ ቤቱን አስለቀቃቸው አሉ። ሽንኩርታቸውንም የሚገዛ ሰው አጡ አሉ። ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። መድኃኒታቸው ስድስት ቀን ሆነው ካለቀ።»

ያን ጊዜ ያልጠፉትን ሰው ፈልገን ፈልገን አጠፋናቸው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ በአንዲት ሴት ላይ ጥርሴን ሳፋጭ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ የእኔው አገር ቤት ያርር ነበር። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

የዶክተሩን ወረቀት ለወይዘሮ ዋንጂሩ ሰጠኋት። ተቀባይነት ማግኘቴን የሚገልጸውን ደብዳቤ ፈርማ ማህተም መታችበት፤ ከዚያ ብዕሯን አንስታ «ዛሬ በእናንተ ስንት ነው?» አለችኝ። ግንቦት 3 ቀን 1999 አልኳት። ከራሷ ቀን አጠገብ በቅንፍ ጻፈችው። «ሌላ ቦታ እንዳያግዱህ» አለች። ደግ ሴት ናት፤ ማክሰኞ ዕለት ይህን የሚነግረኝ ቢኖር እጣላው ነበር።

ቅዳሜና እሑድ

እትዬ ጥሩወርቅ ሻንጣዬን የተፈጨ ቡና በሚመስል የኬንያ ሻይና ለእህታቸው በተገዛ ብርድ ልብስ ሞሉት። ቀን መቁጠሪያውንም ጠቅልለው ሰጡኝ። «ያሸነፍክበት ነው፣ ውሰደው» አሉ። ማሸነፌ ደስ አላለኝም፤ ለእርሳቸው ግን ስቄ ተቀበልኩ። ሜሮን አውሮፕላን ጣቢያ ስታደርሰኝ «ጋሼ፣ ለምን አልተደሰትክም? ገባህ እኮ!» አለችኝ። በኋላ እነግርሻለሁ አልኳት።

አዲስ አበባ አድሬ እሑድ በጠዋቱ አውቶቡስ ከተማዬ ገባሁ። ሻንጣዬን ጤና ጣቢያ ጥዬ፣ ጋዋን ሳልለብስ፣ መድኃኒቱን ምንም ባልተጻፈበት ፌስታል ይዤ ወጣሁ። በር ለበር አልጠየቅሁም። ገበያው ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ወዳጃቸውን ብቻ ለብቻዋ አገኘሁ፤ ከወፍጮ ቤቱ በስተኋላ እህታቸው ቤት መሆናቸውን ነገረችኝ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ በር ላይ ቆመው አዩኝ። ግባ አላሉኝም።

«አሁንስ የመጣው ማን ነው?» አሉ። «አንተ ነህ ወይስ ኮምፒውተሩ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ያኔም እኔ ነበርኩ። ቀኑን አበላሽቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እርስዎ አልጠፉም ነበር።»

«ያኔ አልጠፋሁም» አሉ፤ «አሁን ግን ጠፍቻለሁ።» አከራያቸውን ሄጄ ላናግር ብል እጃቸውን አወዛወዙ፤ «በቃህ፣ ደግሞ እንዳትፈልገኝ!»

ግን ፌስታሉን ተቀበሉኝ። ቀጠሮ ካርዳቸውን ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝና «ጻፍልኝ። በሰው ቀን ጻፈው» አሉ። ቅዳሜ፣ ግንቦት 11 ብዬ ጻፍኩ፤ 1999 ብዬ ዘመኑን ሙሉውን፣ ከጎኑም የፈረንጁን በቅንፍ።

ቅዳሜ ዕለት ከጠዋቱ ጀምሮ መስኮቴ ላይ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩን አልከፈትኩትም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ሲስተር በላይነሽ ምሳ እንሂድ አለችኝ፤ አልሄድኩም። ስምንት ሰዓት ሲል ባዶ ዘንቢላቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው መጡ። ሰላም አላሉኝም። ካርዳቸውን መስኮቱ ላይ አኖሩና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«አልጠፋሁም» አሉኝ።